ከዱከም ናይሮቢ ለሚሄዱ ቻይናውያን ምን ወረቀት ያስፈልጋል?

ጠያቂ፦ ዱከም
ሰላም ለሁላችሁ። ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ካለ ፋብሪካ አራት ቻይናውያን ለአንድ ሳምንት ናይሮቢ ሊሄዱ ነው። ሁለቱ የመኖሪያ ፈቃድ መታወቂያ አላቸው፤ ሁለቱ የገቡት ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ በሚያገለግል ቪዛ ነው። እነሱም እንደ እኛ ያለ ቪዛ ይገባሉ?

የትኬት ቢሮ
አይገቡም ወንድሜ። ኬንያ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ቪዛውን ትታ ኢቲኤ የሚባል የጉዞ ፈቃድ ትጠይቃለች። በኢንተርኔት፣ ከበረራው በፊት ነው የሚወጣው፤ ሳይዙ ቦሌ ከሄዱ ቼክ ኢን ላይ ይመለሳሉ። ፓስፖርቱ ከሚገቡበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው፣ ባዶ ገጽም ይኑረው። ፎቶ፣ የበረራ መረጃ፣ የሆቴል ቦታ ማስያዣ ይጫናል። ክፍያው 30 ዶላር ሲሆን የካርድ ወጪ ትንሽ ይጨምርበታል፤ ቢከለከሉም አይመለስም። የብር ኤቲኤም ካርድ አይሠራም። 3 የሥራ ቀን ይባላል፣ አንተ ግን ሁለት ሳምንት ቀድመህ ጀምር። የመንግሥት ገጽ መስለው እጥፍ የሚያስከፍሉ ስላሉ አድራሻው በ«ጎ ነጥብ ኬኢ» ማለቁን አረጋግጥ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ስም ላይ ነው። ቻይናውያን የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፤ እኛ ደግሞ የመጀመሪያውን የራስ ስም አድርገን እንሞላዋለን። በቃል የነገሩህን ትተህ ፓስፖርቱ ታች ካሉት ሁለት መስመሮች ገልብጥ። የልደት ቀንንም እነሱ ዓመተ ምሕረቱን አስቀድመው ስለሚጽፉ ቀንና ወር እንዳይገላበጥብህ።

ቢሾፍቱ
የቢጫ ወባ ካርዱን አትርሳ። ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ከዚህ የሚነሳ ሁሉ ይጠየቃል፣ ዜግነቱ ምንም ይሁን። ክትባቱ ተቀባይነት የሚያገኘው ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ዋዜማ ላይ መከተብ አይጠቅምም። ቀድሞ የተከተበ ካለ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ፌስታልም አይያዙ፣ ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች።

ጠያቂ፦ ዱከም
እግዜር ይስጥልኝ። መመለሻውስ?

የትኬት ቢሮ
ዋናው እሱ ነው! መታወቂያ ያላቸው የሚያበቃበትን ቀን ይዩ፤ እድሳት ላይ ከሆነ ሳይረከቡ አይውጡ። የሁለቱ ቪዛ ግን ከቦሌ ሲወጡ ያበቃል። ለመመለሻ አዲስ የኢትዮጵያ ቪዛ ያስፈልጋቸዋልና ከመሄዳቸው በፊት አመልክትላቸው። የቆይታ ቀናቸው አልፎ ከሆነም ቅጣቱን በረራው ቀን ሳይደርስ ይክፈሉ።