እናቴን ራኖንግ ልወስዳት ነው፤ የምታውቁ ምከሩኝ

ሳሪሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ለጉልበቷ ሕክምና ይዣት ባንኮክ መጥቻለሁ። ቀዶ ጥገና አላስፈለጋትም። መድኃኒት ሰጥተው ከ10 ቀን በኋላ ለቀጠሮ ተመለሱ ብለውናል። እስከዚያ ሆቴል ተዘግቶ መቀመጥ ከበዳት፤ ጫጫታውም ሙቀቱም አልተስማማትም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ራኖንግ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ባሕርም ፍል ውሃም አለው አለችን። እማዬ ፍል ውሃ የሚለውን ስትሰማ ዓይኗ በራ። በወጣትነቷ ሶደሬ ትመላለስ ነበር።

በምን ብንሄድ ይሻላል? ማደሪያችን ከተማው ይሁን ወይስ አቅራቢያው ያለው ኮ ፓያም የሚባለው ደሴት? ማይናማርን በጀልባ ተሻግሮ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል ያለኝ ሰውም አለ። ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ጥር ላይ አየሩስ እንዴት ነው?

መንገደኛው፦
እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ራኖንግ ጥሩ ምርጫ ነው። ከታይላንድ ክፍለ ሀገሮች ሕዝባቸው ትንሽ ከሆኑት አንዱ ነው። ዝናቡ ግን የታወቀ ነው። የአገሬው ሰው «ዝናብ ስምንት፣ ፀሐይ አራት» ይላል፤ 8 ወር ይዘንባል፣ 4 ወር ያባራል ማለት ነው። ጥር ካባራው ውስጥ ነውና አትስጊ።

ለእሷ አውሮፕላን ይሻላል። ከዶን ሙዋንግ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ልብ በይ፣ ከአዲስ አበባ ስትመጡ ያረፋችሁት ሱቫርናቡሚ ነው፤ ዶን ሙዋንግ በከተማው ሌላ ጫፍ ያለ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ተሳስቶ ሄዶ በረራ ያመለጠው ሰው አውቃለሁ። ከሳይ ታይ ማይ መናኸሪያ የሌሊት አውቶቡስ አለ፤ ግን 8 ሰዓት ያልፋል። የሚያም ጉልበት ታጥፎ ያን ያህል መቀመጥ የለበትም። ባቡር ራኖንግ አይገባም፤ ቹምፖን ወርዳችሁ በሚኒባስ መቀጠል አለባችሁ።

ድንበሩን አትሻገሩ። ማዶ ያለችው የማይናማር ከተማ ካውታውንግ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ያጓጓል። ነገር ግን ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ከታይላንድ ስትወጡ አለቀ ማለት ነው፤ ቀጠሮዋ ደግሞ ባንኮክ ነው። ማይናማር ውስጥም ከ2021 መፈንቅለ መንግሥት ወዲህ ጦርነት አለ። ማዶውን ከወደቡ አይታችሁ ተመለሱ። የማይናማር ሰው ለማየት ከሆነ ጠዋት ገበያ ውጡ። ፊታቸውን ታናካ የተቀቡ ሴቶች ታያላችሁ፤ ከዛፍ ልጥ ተፈጭቶ የሚሠራ ቢጫ ቅባት ነው።

ፓስፖርታችሁ ከእጃችሁ አይለይ። የድንበር አካባቢ ስለሆነ መንገድ ላይ ፍተሻ አለ።

ባሕር ወዳጅ፦
ራኖንግ ደርሶ ኮ ፓያምን ሳያዩ መመለስማ ያስቆጫል! መኪና የሌለበት ደሴት ነው። መንገዱ ቀጭን፣ ግራና ቀኙ የካሹ ዛፍ። አኦ ያይ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ረጅም ነው፤ ስትጠልቅ ፀሐይዋን ከፊት ለፊትሽ ታያታለሽ። የእኛ ኤርኩም ዘመድ የሆነው ሆርንቢል ከጣሪያ በላይ ሲያልፍ የክንፉ ድምፅ ይሰማል። እኔ 3 ሌሊት አድሬ አልጠገብኩትም። ፈጣኑ ጀልባ 40 ደቂቃ፣ ዝግተኛው 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

መንገደኛው፦
ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ግን ጠያቂዋ የያዘችው እናቷን ነው። መኪና የለም ማለት መጓጓዣው ሞተር ሳይክል ነው ማለት ነው። ሴትየዋ ጉልበቷን እያመማት ከሚወዛወዝ ጀልባ ወርዳ ሞተር ላይ ትፈናጠጥ? ማታ ቢያማትስ፣ ሆስፒታሉ ያለው ከባሕሩ ማዶ ነው። ማደሪያችሁን ከተማ አድርጉ ነው የምለው።

ባሕር ወዳጅ፦
ስለ ሞተሩ አላሰብኩም ነበር፤ ልክ ነህ። እህቴ፣ ሌላ ጊዜ ብቻሽን ሂጂ።

ነርሷ፦
ስለ ፍል ውሃው ልጨምር። ከተማው አጠገብ ያለው ራክሳዋሪን ይባላል። አባት፣ እናትና ልጅ የሚባሉ 3 ጉድጓዶች አሉት። ከምንጩ ሲወጣ 65 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እሱ አይነካም። መታጠቢያው ገንዳ ለብ ያለ ነው። በመጀመሪያው ቀን እግሯን ብቻ ትንከር። ከዚያ ብትገባም ከ10 ወይም 15 ደቂቃ አትለፍ። ግፊት ካለባት ወይም የግፊት መድኃኒት ከወሰደች ሐኪሟን ሳትጠይቁ አትግባ፤ ሙቅ ውሃ ግፊት ያወርዳል፣ ድንገት ስትነሳ ሊያዞራት ይችላል። ክንዷን ይዘሽ አስነሺያት። ውሃም ትጠጣ።

ጾመኛዋ፦
እኔ እዚያው አገር 2 ዓመት ስለኖርኩ ጾሙን ለኔ ተዉት። «ጄ» የምትል ቃል ያዢ። ሥጋም ዓሣም እንቁላልም ወተትም የሌለበት ማለት ነው። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለበት ቤት ካየሽ ሳትጠራጠሪ ግቢ። «አትክልት ብቻ» ብለሽ ካዘዝሽ ግን የዓሣ መረቅ ጠብ ያደርጉበታል፤ ለእነሱ እንደ ጨው ነው። ሽንኩርት ስለሌለው ይጣፍጣታል ብዬ አልዋሽሽም። ሚጥሚጣ ይዛችሁ ሂዱ።

መንገደኛው፦
አንድ የረሳሁት። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት በ24 ነው። በንግግር ግን የታይ ሰው ማታውን ልክ እንደኛ ነው የሚቆጥረው። ሹፌሩ «ሳም ቱም» ካለሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ለእናትሽ ንገሪያት፣ ደስ ይላታል።

ሳሪሷ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ወደ ባንኮክ እንመለሳለን፤ ሌላ ሰው ቢጠቅመው ያየነውን ልጻፍ።

ሐኪሟን ጠይቀን ፈቀደ። ከተማ አደርን። መኪና በቀን ተከራየንና ወደ ደቡብ ወርደን የንጋዎ ፏፏቴን አየን። ከዋናው መንገድ ይታያል፤ በጥር ውሃው ቀጭን ነው። እዚያው አጠገብ ዛፍ የሚባል የሌለበት፣ ሣር ብቻ የለበሰ ኮረብታ አለ። ሣሩ ደርቆ ወርቅ መስሏል። እማዬ «የመስከረም ቢሆን ኖሮ» አለች።

እኔን ያስደነቀኝ የማንግሮቭ ጫካው ነው። ዩኔስኮ በ1997 የመዘገበው ጥብቅ ሥፍራ ነው። ዛፎቹ ሥራቸው ከጭቃው ወጥቶ እንደ ምርኩዝ ደግፏቸው ቆመዋል። በመሐሉ የእንጨት መተላለፊያ ተሠርቷል፣ ሜዳ ስለሆነ ጉልበቷን አላስቸገራትም። ማዕበሉ ሲሸሽ ሂዱ፤ ያኔ ነው ሸርጣኑና ጭቃ ላይ የሚዘለው ዓሣ የሚወጡት። እማዬ ያን ዓሣ ስታይ ሁለቴ አማተበች። አንድ ሰዓት ሙሉ ከዚያ አልተነሳችም።

የከተማው ታክሲ የድሮውን ውይይት ይመስላል፣ ፊት ለፊት ትይዩ አግዳሚ ያለው። መወጣጫው ከፍ ስለሚል ለእሷ አልሆነም። ጉልበት የሚያመው ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ በመኪና ኪራይ አትሳሱ።

የቀረው ጊዜ ሁሉ ራክሳዋሪን ነው ያለቀው። ገንዳው አጠገብ በፍል ውሃው የሚሞቅ ወለል አለ፣ ሰው ይተኛበታል። በመጀመሪያው ጠዋት እማዬ «ሶደሬ ቢሆን እስካሁን የማላውቀው ሰው አልነበረም» ብላ ከፍቷት ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዲት የታይ አሮጊት አጠገቧ መጥታ ተኛች። ጉልበቷን አሳየቻት። እማዬም የራሷን አሳየቻት። ዛሬ 12 ሰዓት ላይ ሄደን ስንደርስ ሴትዮዋ ፎጣዋን ዘርግታ ለእማዬ ቦታ ይዛላት ነበር።