የጠፈር ጉዞ ማስታወሻዎቻችንን በአዲስ ፍሬም ስለ ማስገባት፦ ለጠቅላላ ጉባኤ በሚቀርበው ዕቅድ ላይ የአባላት ውይይት

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባችን በተወሰነው መሠረት በዋሽንግተኑ ማኅበራችን እጅ ያሉትን የጠፈር ጉዞ ማስታወሻዎች ከጉዳት የምንጠብቅበትን ዕቅድ ለጠቅላላ ጉባኤው በጋራ ማቅረብ ስለሚኖርብን፣ በረቂቁ ላይ ሐሳባችሁን እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዕቃዎቹ አሥራ ሦስት ናቸው። ስድስቱ በአፖሎ ዘመን፣ አሜሪካ ሰዎችን ወደ ጨረቃ በላከችበት ጊዜ፣ የታተሙ የናሳ የቀለም ፎቶግራፎች ሲሆኑ ሁለቱ የጠፈርተኞች ፊርማ አለባቸው። አራቱ ሰው ጨረቃን ሲረግጥ የሚያሳየው የ10 ሳንቲም የአየር መልእክት ቴምብር በወጣበት ዕለት፣ በሴፕቴምበር 9 ቀን 1969 እ.ኤ.አ.፣ ማኅተም ያረፈባቸው ፖስታዎች ናቸው። የቀሩት ቤታ በሚባል እሳት የማይበላው ጨርቅ ላይ የታተመ የጉዞ አርማ፣ የሐምሌ 1961 ዓ.ም. የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የፊት ገጽ፣ እንዲሁም ትንሽ ሰንደቅ ዓላማ የጠፈር ጉዞውን ከሚመሰክረው ጽሑፍ ጋር የተለጠፈበት የስጦታ ሰሌዳ ናቸው።

ረቂቁ እንደሚለው ሁሉም ከአሮጌ ፍሬማቸው ወጥተው አንድ ዓይነት አሲድ አልባ ካርቶን እየተደረገላቸው፣ አንድ ዓይነት ጥቁር ፍሬም ውስጥ ገብተው በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ።

የወረቀት ጥገና ባለሙያ ከሆነችው አባል፦

ጸሐፊያችን ለደከሙበት ረቂቅ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሆኖም «አንድ ዓይነት» የሚለው ቃል ከረቂቁ እንዲወጣ እለምናለሁ። ምክንያቴን ለማስረዳት፣ ባለፈው ሳምንት በሊቀ መንበራችን ፈቃድ የከፈትኩትን አንዱን ፎቶግራፍ ላንሣ። ፍሬሙን ገልብጬ የጀርባውን ወረቀት ስቀድ ከሥሩ ያገኘሁት ተራ የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ነበር፤ የካርቶኑ ሞገድ መሰል እጥፎችም በፎቶው ጀርባ ላይ በቡናማ መስመር ተራ በተራ ታትመዋል። ከፊት በኩል ደግሞ መስኮት የተቆረጠበት ካርቶን ጠርዝ ባረፈበት ሁሉ፣ የሻይ ዕድፍ የመሰለ ቀጭን ክር ምስሉን ዙሪያውን ከቦታል። ከላይ የያዘው ፕላስተር ገና በጣት ሲነካ ወደቀ፤ ማስቲሹ ግን ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ፎቶውን የጎዳው እንዲጠብቀው የተሠራለት ፍሬም ራሱ ነው።

ርካሽ ካርቶን እንደ ጋዜጣ ወረቀት ሁሉ ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ሊግኒን የሚባል የእንጨት ንጥረ ነገር አለው። ሊግኒን ሲያረጅ አሲድ ይወጣዋል፤ አሲዱም በአጠገቡ ወዳለው ወረቀት ተሻግሮ ቃጫውን ይበጣጥሰዋል። ለመዛግብት የሚሆነው ካርቶን ከጥጥ ወይም ሊግኒኑ ከተወገደ የእንጨት ቃጫ (ፐልፕ) የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ አሲድን እንዲያከሽፍ ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል። ይህ ለጋዜጣውና ለፖስታዎቹ መልካም ነው። ለቀለም ፎቶግራፍ ግን ካልሲየም ካርቦኔት ያልተጨመረበትን እመርጣለሁ፤ አይሶ 18916 የሚባለውን፣ ካርቶኑ ፎቶግራፍ እንደማይጎዳ የሚፈትነውን ዓለም አቀፍ ምርመራ ያለፈ ለመሆኑም ከአምራቹ ማረጋገጫ እንጠይቅ። «አሲድ አልባ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ብዙ ነገር አያረጋግጥም።

አርማው ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ቤታ ጨርቅ በጃንዋሪ 27 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. በአፖሎ 1 ውስጥ ሦስት ጠፈርተኞች በእሳት ከሞቱ በኋላ ለጠፈር ልብስ የተመረጠ፣ በቴፍሎን የተሸፈነ የመስታወት ቃጫ ነው። እሳት አይበላውም፤ ሲታጠፍ ግን ቃጫው ይሰበራል። ስለዚህ ሳይታጠፍና ሳይወጠር ጠፍጣፋ ሆኖ መተኛት አለበት።

አያያዙን በሚመለከት፣ ፖስታዎቹ ምንም ማስቲሽ ሳይነካቸው በፖሊስተር የማዕዘን ኪስ ብቻ ይያዙ። ጋዜጣው በጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ይንጠልጠል፤ ይህ ሙጫ ከዓመታት በኋላም በጥቂት እርጥበት ይላቀቃል። ፎቶግራፎቹ መስታወቱን መንካት የለባቸውም፤ አየሩ ሲረጥብ ምስሉን የተሸከመው ጄላቲን ከመስታወቱ ጋር ይጣበቅና ሲለያዩ ምስሉ ይላጣል። የፒቪሲ ፕላስቲክ ኪስም ፈጽሞ አይግባ።

ከገንዘብ ያዡ፦

በተባለው እስማማለሁ። ዋጋው ግን አሥራ ሦስቱንም በዚህ ደረጃ ፍሬም ለማስገባት አቅማችን እንደማይፈቅድ ከወዲሁ ልናገር። የሚሰቀሉትን ወደ ሦስት ወይም አራት ዝቅ አድርገን የቀሩትን በመዛግብት ሣጥን ብናኖራቸው ወጪው በብዙ ይቀንሳል።

ከመሥራች አባል፦

ጋዜጣውን ለማኅበሩ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጠፈርተኛው ኒል አርምስትሮንግ እግሩን ጨረቃ ላይ ሲያሳርፍ በአዲስ አበባ ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ለ12 ሰዓት 4 ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ከአባቴ ጋር ሬዲዮ ከብበን አመሸን፤ አነጋንም። ጋዜጣውንም የገዛልኝ አባቴ ነው። በሣጥን ተዘግቶ ከሚኖር ልጆቻችን በግድግዳ ላይ ቢያዩት እወዳለሁ። አልትራቫዮሌት የሚባለውን የማይታይ ጎጂ ጨረር የሚያግድ መስታወት ካለ ይበቃል ብዬ ነበር፤ ልጄ፣ ተሳስቼ ከሆነ አስረጅኝ።

ከወረቀት ጥገና ባለሙያዋ፦

ጋሼ፣ የአባትዎ እጅ የነካውን ገጽ ልጆች እንዲያዩት መፈለግዎ ተገቢ ነው። መስታወቱም ትልቅ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን አልትራቫዮሌት ቢታገድም የሚታየው ብርሃን ራሱ ማደብዘዙን አያቆምም፤ አንዴ የደረሰ የብርሃን ጉዳትም አይመለስም። ሙዚየሞች እንዲህ ላለ ዕቃ የሚፈቅዱት 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ብቻ ነው፤ የአዳራሻችን መስኮት ከዚያ በብዙ እጥፍ ያስገባል። በተለይ በስክሪፕቶ ሳይሆን በፍሎማስተር የተፈረሙት ሁለቱ ፎቶግራፎች ያሳስቡኛል፤ ፎቶው ሳይለወጥ ፊርማው ጠፍቶ ባዶ ቦታ ብቻ የቀረባቸውን አይቻለሁ። የሁሉንም ጥራት ያለው ቅጂ አሠርተን ቅጂውን እንስቀል፤ ቅጂ መሆኑም ከሥሩ በግልጽ ይጻፍ። ዋናው ጋዜጣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሐምሌ ወር፣ ለጥቂት ቀናት ቢወጣ ግን እኔ ራሴ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ከመሥራች አባል፦

ይህስ የምናውቀው ሥርዓት ነው። የብራና መጻሕፍቶቻችን ለዘመናት የቆዩት በማኅደራቸው ሆነው ተሰቅለው፣ ለአገልግሎት ብቻ እየወጡ ነው። የሐምሌውን ሐሳብ ተቀብያለሁ።

ከሊቀ መንበሩ፦

የስጦታ ሰሌዳው ነገር ሳይነሣ እንዳይታለፍ። ሰንደቅ ዓላማው የተለጠፈበት ካርቶን ቢጫ ሆኗል። ፍሬም ሠሪው ሰንደቁን አላቅቆ በንጹሕ ካርቶን ላይ ሊያሳርፈው፣ ጽሑፉንም እንደ አዲስ ሊያሳትመው እንደሚችል ነግሮኛል።

ከወረቀት ጥገና ባለሙያዋ፦

በዚህ አንድ ነጥብ ላይ አጥብቄ እቃወማለሁ። ያ ሰንደቅ ከሌላው ናይሎን ሰንደቅ የሚለየው አብሮት በተለጠፈው ምስክር ብቻ ነው፤ ካርቶኑ፣ ጽሑፉ፣ አሮጌው ማስቲሽ እንኳ ሳይቀር፣ አንድ ላይ ሆነው ማስረጃ ናቸው። ከተለያዩ በኋላ ማንም አዋቂ ሰው አንድ ነበሩ ብሎ አያምነንም። ካርቶኑ አሲድ አለው፤ ይሁንና ከነሕመሙ እንዳለ እንተወው፤ ከጀርባው መከላከያ ወረቀት እናድርግለት፤ በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ እናኑረው።

እዚሁ ዋሽንግተን የሚገኘው ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም የአርምስትሮንግን የጠፈር ልብስ ለመንከባከብ በ2015 እ.ኤ.አ. ከሕዝብ ከ700,000 ዶላር በላይ ተዋጥቶለት፣ ልብሱ በጁላይ 2019 እ.ኤ.አ. ለዕይታ ተመልሷል። በዚያ ልብስ ውስጥ ያለው ጎማ እያረጀ መሆኑን ባለሙያዎቹ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ጎማውን በአዲስ አልተኩም፤ እርጅናው እንዲዘገይ ብርሃኑን፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን መቆጣጠርን መረጡ። በዚህ ውሳኔያቸው ልንመራ እንችላለን።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦

በባለሙያዋ ሐሳብ ላይ ተቃውሞ ስላልቀረበ ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽዬዋለሁ። «ማኅበሩ እያንዳንዱን ዕቃ እንደ ጠባዩ በተመረጠለት የመዛግብት ካርቶን ያኖራል። ማንኛውም ፍሬም ከመከፈቱ በፊት ፊቱና ጀርባው ፎቶ ይነሣል፤ በጀርባው የተገኘ ወረቀት፣ ማኅተምና የእጅ ጽሑፍ ሁሉ ከዕቃው ጋር ይቀመጣል። የማይፈታ ማያያዣ አይገባም። የስጦታ ሰሌዳው አካል አይነጣጠልም። ግድግዳ ላይ ቅጂ ይሰቀላል፤ ዋናው ጋዜጣ በየዓመቱ ከሐምሌ 13 እስከ 16 ይታያል።»

ገንዘብ ያዣችን የካርቶኑንና የሣጥኖቹን ዋጋ ከሁለት ሻጮች ጠይቀው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ያቅርቡልን። በዚያው ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በአዳራሹ ተገናኝተን ከተፈረሙት ሁለት ፎቶግራፎች እንጀምራለን፤ ካሜራ ያለው አባል ይዞ እንዲመጣ፣ የአዳራሹ መጋረጃዎችም ከዛሬ ጀምሮ ተዘግተው እንዲቆዩ አሳስባለሁ።