ለአባቴ ሸክላዎች ካርትሪጅ፦ ያገለገለ ይሻላል ወይስ አዲስ?

የአባቷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የተወልን አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላ ቤት አለ። አብዛኛው ትንሹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው፣ ባለ 45 ዙሩ ነው። ጥላሁን አለ፣ ማሕሙድ አለ፣ ዓለማየሁ እሸቴ አለ። ብዙዎቹ ላይ የሸክላ አሳታሚው የአምሃ ሪከርድስ ምልክት ይታያል። ማጫወቻውም የራሱ የአባቴ ቴክኒክስ ነው። ሰሞኑን አስጠርጌው ሞተሩ ቆንጆ ይሽከረከራል። በክንዱ ጫፍ ላይ ያለው፣ ድምፁን ከሸክላው የሚያነሳው ካርትሪጁ ግን መርፌውም ተሰብሯል፣ አንዱ ወገን ድምፅም አይሰጥም። ሙሉውን መቀየር አለብሽ ተብያለሁ።

የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ከዋሽንግተን ይመጣል። ሁለት ነገር አግኝቶልኛል። አንደኛው ያገለገለ ሹር ቪ15 ታይፕ 3 ነው፤ ሻጩ «ብዙም አልተሠራበትም» ይላል። ሁለተኛው አዲስ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ነው። የሚገርመው ያገለገለው በዋጋ ይበልጣል። በዘመኑ የሚስተካከለው አልነበረም ይላሉ። የቱን ይዞልኝ ይምጣ? ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስቡኝ ሸክላዎቹ ናቸው። አንዳንዶቹን በሌላ መልክ የትም አላገኘኋቸውም።

ጋሽ ባለሸክላ፦
እህቴ፣ አዲሱን ይዞልሽ ይምጣ። ድምፅ ዕቃ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

ካርትሪጅ ሲባል አካልና መርፌ ነው። አካሉ ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። መርፌው ደግሞ ትንሽ የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ ከጤፍ ፍሬ በጣም የምታንስ አልማዝ ተለጥፋለች፤ ሥሩን የያዘው ጎማ ነው። አካሉ ካልወደቀና ሽቦው ካልተበጠሰ ብዙ ዘመን ይኖራል። የሚያልቀው መርፌው ነው። አልማዙ በሥራ ያልቃል፣ ጎማው በዕድሜ ይደርቃል።

እንግዲህ ሻጩ እውነቱን ነው እንበል፤ ብዙም አልተሠራበትም። ግን ቪ15 ታይፕ 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። መርፌው የዚያን ጊዜው ከሆነ መሳቢያ ውስጥም ተቀምጦ ጎማው ደርቋል። የደረቀ ጎማ ዘንጉን እንደልቡ አያንቀሳቅሰውም። ያኔ አልማዙ ሸክላው ላይ የተቀረጸውን የድምፅ መስመር ተከትሎ መሄድ ትቶ እየገፋው ይሄዳል።

አልማዙ ያለቀ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። አልማዝ ሲያልቅ ግራና ቀኙ ጠፍጣፋ ይሆንና ጠርዝ ያወጣል። ያ ጠርዝ የመስመሩን ግድግዳ ይፍቀዋል። ከሸክላ ላይ የተፋቀ ድምፅ ደግሞ በማጠብም በመጠገንም አይመለስም። አምሃ ሪከርድስ የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ብቻ ነው። መርፌ ነገም ይገዛል። እነዚያን ሸክላዎች ግን ማንም መልሶ አይሰጥሽም። ታሪኩን በማታውቂው መርፌ እባክሽ አንዱንም እንዳታስነኪ።

ቪኤም95ኢ ዋጋው መካከለኛ ነው፣ ሥራው ግን ጨዋ ነው። መርፌው በእጅ ተስቦ ይወጣል። አምራቹ ለዚህ ዓይነቱ ሞላላ አልማዝ 300 ሰዓት ያህል ዕድሜ ይሰጠዋል። የሸክላሽ አንዱ ገጽ 4 ደቂቃ ቢሆን 4,500 ገጽ ማለት ነው። ሲያልቅ አረንጓዴዋን መርፌ ብቻ ትቀይሪያለሽ፤ አካሉ እዚያው ይቀራል። አቅም ሲኖርሽ በዚሁ አካል ላይ ማይክሮላይን የሚባለውን ቀዩን መርፌ መሰካት ትችያለሽ። እሱ ለ1,000 ሰዓት ያህል የተሠራ ነው።

ቨርጂኒያ፦
ጋሼ ስለ መርፌው ያሉት ልክ ነው። ግን ያገለገለ ሁሉ አይጣል። እኔ የምሰማው ባገለገለ ሹር ኤም44-7 ነው። አካሉን ብቻ በርካሽ ገዛሁ፣ መርፌውን ጂኮ ከሚባለው የጃፓን ኩባንያ አዲስ አስመጣሁ። ድምፁ ወፍራምና ሞቅ ያለ ነው። ለድሮ የኛ ሙዚቃ፣ ለትንፋሽ መሣሪያውና ለቤዙ፣ በጣም ይስማማኛል። ሹር እ.ኤ.አ. በ2018 ካርትሪጅ መሥራት ስላቆመ አካሉን ከፈለግሽ ካገለገለ ውጪ መንገድ የለም ማለት ይቻላል።

ያገለገለ አካል የሚገዛ ሰው ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንድ፦ ከኋላ ያሉት አራቱ እግሮች በመልቲሜትር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ይለኩ። የግራው ጥንድና የቀኙ ጥንድ ተቀራራቢ ቁጥር ካሳዩ ሽቦው ደህና ነው። አንዱ ወገን ምንም ካላነበበ ተበጥሷል፤ ከነዋጋው ይቅርበት። ሁለት፦ ከፊት ለፊት በቅርበት የተነሳ ፎቶ ይላክ። ዘንጉ ወደ ጎን ከተጣመመ ወይም ካርትሪጁ ሆዱ ሸክላውን ሊነካ ከደረሰ ጎማው ሞቷል። ከላይ ብቻ የተነሳ ፎቶ የሚልክ ሻጭ የሚታየውን ነገር አያሳይሽም።

ጋሽ ባለሸክላ፦
በዚህ እንስማማለን። አካሉ በአካል ዋጋ፣ መርፌው አዲስ ከሆነ ጥሩ ነው። የኔ ጭንቀት አካሉም መርፌውም ድሮ ሆኖ በአዲስ ዋጋ ሲሸጥ ነው። የእህታችን ቪ15 እንደዚያ ይመስላል። የአዲስ መርፌ ዋጋ ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ ይወደዳል።

ሌላ ሰው ይህን ካነበበ ይጠንቀቅ የምለው ሙቪንግ ኮይል የሚባሉትን፣ ሽቦው ከመርፌው ዘንግ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስባቸውን ካርትሪጆች ነው። ለምሳሌ ዴኖን ዲኤል-103 አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከጃፓኑ ብሔራዊ ብሮድካስት ኤንኤችኬ ጋር የተሠራ ነው፤ ድንቅ ዕቃ ነው፣ እስካሁንም አዲሱ ይመረታል። ግን መርፌው ተነቅሎ አይወጣም። ያገለገለውን ስትገዙ የገዛችሁት የሰው መርፌ ነው፤ ሌላ መቀየሪያ የለውም። ድምፁም ደካማ ስለሆነ ተጨማሪ ማጉያ ይፈልጋል።

በእጁ ያለ መርፌ ደህና ይሁን አይሁን መለየት ለሚፈልግም ጆሮ ይበቃል። የሚሳሳለትን ሸክላ ሳይሆን የማይጨነቅበትን ያጫውት። ዘፈኑ ወደ ማለቂያው፣ መርፌው ወደ መሐል ሲጠጋ «ሰ» እና «ሸ» ያለባቸውን ቃላት ያዳምጥ። ጥርት ካሉ ደህና ነው። የተቀደደ ወረቀት ዓይነት ድምፅ ካሰሙ፣ በሌላ ሸክላም ከደገሙት፣ መርፌው ይውለቅ። መሐሉ ላይ ዙሩ አጭር ስለሆነ ድምፁ መስመሩ ውስጥ ተጠጋግቶ ይጻፋል፤ ጥፋቱ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው።

የአባቷ ልጅ፦
ጋሼ፣ ቨርጂኒያም፣ እግዜር ይስጥልኝ። የአክስቴን ልጅ አዲሱን ግዛ ብየዋለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። በኔ ማጫወቻ ላይ ይገጥማል ወይ? ሌላው፣ ሸክላው እንዳይጎዳ ክንዱ መርፌውን የሚጫንበትን ክብደት በተቻለ መጠን ቀላል ላድርገው?

ጋሽ ባለሸክላ፦
የመጀመሪያውን አሁኑኑ እዪው። የክንዱ ጫፍ ላይ የድሮው ካርትሪጅ ከላይ በሁለት ትንንሽ ብሎን ከታሰረ ይገጥማል። ብሎን የሌለው፣ ተገፍቶ የሚሰካና በጎን በኩል በአንድ ብሎን ብቻ የሚያዝ ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከወጡት ቴክኒክሶች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ለሱ የሚሆነው ካርትሪጅ የተለየ ስለሆነ ልጁ ሳይገዛ ንገሪው።

ሁለተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀላል ማድረግ ሸክላውን አያድነውም። ክብደቱ ሲያንስ መርፌው መስመሩ ውስጥ ይንገዋለላል፤ ግድግዳውን የሚመታው ያኔ ነው። ለቪኤም95ኢ የተባለው ከ1.8 እስከ 2.2 ግራም ነው። 2 ግራም ላይ አድርጊው። የክንዱ ላይ ቁጥር በዕድሜ ሊዛባ ስለሚችል ትንሿን የመርፌ ሚዛን ልጁ አብሮ ይዞ ይምጣ፤ ርካሽ ናት፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች።

ገመዶቹን ስታገናኚ ነጭና ሰማያዊ የግራ፣ ቀይና አረንጓዴ የቀኝ ናቸው። እግሮቹ ላይ ስትሰኪ መርፌውን አውጥተሽ አስቀምጪ። ብዙ አዲስ መርፌ የሚሰበረው ሳይጫወት፣ ሲገጠም ነው።

ቨርጂኒያ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ካርቶኑ ውስጥ ወፍራም፣ ከባድ፣ ባለ 78 ዙር ሸክላ ካለ በዚህ መርፌ አታጫውቺው። መስመሩ ሰፊ ስለሆነ መርፌው ታች ወርዶ ይንከላወሳል። ለሱ የሚሆን ቪኤም95ኤስፒ የሚባል አለ። የ45ቶቹን ደግሞ ከማጫወትሽ በፊት በተጣራ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ እጠቢያቸው፤ መሐሉ ላይ ያለውን ወረቀት ውኃ እንዳይነካው። መስመር ውስጥ የቀረ አቧራ አዲሱንም አልማዝ በቶሎ ይጨርሰዋል።

የአባቷ ልጅ፦
አየሁት፣ ሁለት ብሎን ነው። 78 ዙር ሁለት አገኘሁ፤ ለብቻቸው አስቀምጫቸዋለሁ። ሚዛኗንም አስጨምሬያለሁ።