ትምህርቱን ያቋረጡ እናቶችን እንዴት ልጠይቃቸው?

ጥያቄ፦
ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ በጋራ መጠቀሚያ (ኮሚናል) ቤታችን ውስጥ ማታ ማታ እናቶችን ፊደል አስተምራለሁ። በ22 ሰው ጀመርን፤ አሁን የሚመጡት 9 ናቸው። እነሱን «ምን ይስተካከል?» ስላቸው «ሁሉም ጥሩ ነው» ይሉኛል። ያቋረጡት ደግሞ ደረጃ ላይ ሲያዩኝ አንገታቸውን ይደፋሉ። በጣም ከነከነኝ። ቤታቸው ልሂድ?

መልስ፦
ሂጂ እንጂ! ግን «ለምን አቋረጥሽ?» አትበያቸው፤ ወቀሳ ይመስላል። «መጀመሪያ የቀረሽ ቀን ምን ገጥሞሽ ነበር?» በያቸው።

መልስ፦
እኔም ከቁጠባ ቡድን የቀረሁት በውሃ ነው። የምትመጣው ማታ ነበር፤ ጀሪካኔን ሳልሞላ የት እሄዳለሁ? ማንም አልጠየቀኝም።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። ትናንት ሦስቱ ጋ ሄድኩ። ሁለቱ የውሃ ፈረቃ ነው ያሉኝ። አንዷ እናት ግን ቡናውን እየቀዱ «ልጄ፣ ‹ለ› እና ‹ሰ› ከሩቅ አንድ ይመስሉኛል። አይታየኝም ማለት አፈርኩ» አሉኝ። ለካ ከኋላ ያስቀመጥኳቸው እኔው ነኝ።