መታወቂያዬ ታጥቧል፣ ምዝገባው አርብ ያበቃል፤ ምን ላድርግ?

የሸንኮር ልጅ (ረቡዕ፣ ሚያዝያ 13፣ 2013)

ሰላም ጀማዓ፣ ባካችሁ ፍጠኑልኝ። ዛሬ ጠዋት ለምርጫ ልመዘገብ ሄጄ መለሱኝ። መታወቂያዬ ሱሪ ኪስ ውስጥ እንዳለ ታጥቧል። ስሜ ይነበባል። ማህተሙም ግማሹ አለ። ፎቶው ላይ ግን ፊቴ የለም፤ ነጭ ነገርና አንድ ጆሮ ብቻ ቀርቷል። መዝጋቢዋ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችውና «ይሄ ማነው?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። «እሱን እኮ ነው የምጠይቅህ» አለች። ሰልፉ በሙሉ ሳቀብኝ። ቀበሌ ሄጄ አዲስ ላውጣ ብል በሁለት ቀን አይደርስም። ሌላ መንገድ የሚያውቅ አለ?

አቦ ረጋ በል

አቦ የሳሙናውን ስም ንገረና። የኔም መታወቂያ ላይ ያለው ሰውዬ ታጥቦ ቢሄድልኝ ደስ ይለኛል።

ሳቢያን ቤቴ

ፓስፖርት ወይ መንጃ ፈቃድ የለህም? የኔ ወንድም ባለፈው ሳምንት በመንጃ ፈቃድ ነው የተመዘገበው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

የሸንኮር ልጅ

ፓስፖርት የለኝም። መንጃ ፈቃድ ገና እየተማርኩ ነው።

ሕግ ይከበር

ወጣቱ መብቱ ትዝ የሚለው ሁልጊዜ በመጨረሻው ሳምንት ነው። ምዝገባው የተጀመረው መጋቢት 16 ነው። አንድ ወር ሙሉ የት ነበርክ? ለማንኛውም አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ለመመዝገብ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር። በአካል መቅረብ ያስፈልጋል፤ ሰው መላክ አይቻልም። አንድ ጣቢያ ከ1,500 መራጭ በላይ አይመዘግብም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ወጥቼ ካርዴን ወስጃለሁ። ምርጫ ማለት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ...

አቦ ረጋ በል

ጋሼ፣ መግቢያው ሳያልቅ አርብ ይደርሳል። ልጁን ልቀቀው። (አንቱ ባለማለቴ ይቅርታ፣ እኛ ድሬዎች አልለመደብንም።)

ባጃጅ ነጂው

ወንድም ፓስፖርት ይዘህ ሂድ፣ በደንብ ይሠራል።

ሳቢያን ቤቴ

የለኝም ብሏል እኮ!

የድሮ አስፈጻሚ

በ2007ቱ ምርጫ ጣቢያ ላይ ሠርቻለሁና ትንሽ ልርዳህ። መታወቂያው ጊዜው ቢያልፍበት ችግር አልነበረም፤ ሰውየውን እስካሳወቀ ድረስ እንመዘግብ ነበር። ያንተ ግን ፊት የለውም። ስለዚህ ወይ ፎቶ ያለው ሌላ ሰነድ፣ ወይ የሚያውቅህ የሰፈር ሰው ያስፈልግሃል። መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር ንገረኝ። መታወቂያው የየትኛው ቀበሌ ነው? እዚያ ስንት ጊዜ ኖርክ?

የሸንኮር ልጅ

የሐረር ነው። አሁን ግን ድሬ ነው ያለሁት፣ አዲስ ከተማ ተከራይቼ። የመጣሁት ለሥራ ነው፣ ጥቅምት 20። ዛሬ የሄድኩት እዚሁ ሰፈር ያለው ጣቢያ ነው።

ሳቢያን ቤቴ

ኧረ! እና ይሄን አሁን ነው የምትነግረን?

ገንደ ቆሬ

ስሙ ላይ ሸንኮር የሚል የሐረር ሰፈር ሳይ ጠርጥሬ ነበር። ወንድሜ እጥበቱን እርሳው። ያንተ ጉዳይ ሱሪው አይደለም። በጣትህ ቁጠር። ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 20 አንድ። ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ አምስት። ስድስተኛው የሚሞላው ሚያዝያ 20 ነው። ዛሬ 13 ነው፣ አርብ ደግሞ 15። መታወቂያህ ዛሬ የታተመ ቢሆን እንኳ ድሬ ላይ አምስት ቀን ይጎድልሃል።

አቦ ረጋ በል

ስለዚህ ሱሪው በነፃ ይሰናበት።

የሸንኮር ልጅ

መዝጋቢዋ ስለ ስድስት ወር ምንም አላለችኝም እኮ። ፎቶውን ብቻ ነው ያየችው።

ገንደ ቆሬ

እዚያ ድረስ አልደረሰችም ነበራ። ፊትህ ላይ ቆመች።

የደንገጎ ሾፌር

ቀላል ነው። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ሚኒባስ ያዝ። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የደንገጎን ዳገት ከወጣህ በኋላ ነፋሱ ራሱ ይወስድሃል። ጫት ገበያው አወዳይ ላይ «ትንሽ ልውረድ» እንዳትል እንጂ እስከ 3 ሰዓት ተመዝግበህ ጨርሰሃል። ለምሳ ድሬ ነህ።

ሕግ ይከበር

ስህተት። ምዝገባ የሚኖሩበት ቦታ ነው። ልጁ ከጥቅምት ጀምሮ ሐረር አይኖርም። መታወቂያ ስላለው ብቻ መሄድ አይችልም።

የድሮ አስፈጻሚ

ቆይ ጋሼ፣ አንቸኩል። የሸንኮር ልጅ፣ ከሐረር ቀበሌ መሸኛ አውጥተሃል?

የሸንኮር ልጅ

አላወጣሁም። ሥራው ይቀጥል አይቀጥል ስለማላውቅ ተውኩት። ቅዳሜና እሁድ እናቴ ቤት ነው የማድረው። ልብሴም የሚታጠበው እዚያው ነው :)

አቦ ረጋ በል

አሃ! አጣቢዋም ታወቀች።

የድሮ አስፈጻሚ

እንግዲያው ነገሩ ሌላ ነው። ፋይልህ ሐረር ነው። መሸኛ አልወሰድክም። ድሬ ላይ የነዋሪነት ወረቀት የለህም። ሳምንት በሳምንት እናትህ ቤት ነህ። እኔ ብሆን ኖሮ ነዋሪነቱ ከሐረር ገና አልተነቀለም እል ነበር። ጋሼ ሌላ ሊል ይችላል። ሄደህ ሳትደብቅ እንዲሁ እንዳለ ንገራቸው፣ እነሱ ይወስኑ። ደግሞ ልብ በል፦ እምቢ ካሉህ ተናደህ አትውጣ። እዚያው ጣቢያ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ምክንያታቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡህ ጠይቅ። ካልተስማማህ ወደ ምርጫ ክልሉ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ «መለሱኝ» ብሎ ቤቱ ይገባል።

ኮኔል ማዶ

ሁለቱም ጋ ቢመዘገብስ? ቀኑ ይለያያል እኮ። ሐረር ግንቦት 28፣ ድሬና አዲስ አበባ ሰኔ 5 ነው የተባለው። ደርሶ ይመለሳል።

ሕግ ይከበር

እግዚኦ! ከአንድ ቦታ በላይ መመዝገብ ክልክል ነው፣ ያስጠይቃልም። እንዲህ ያለ ምክር በአደባባይ አይሰጥም።

ሳቢያን ቤቴ

በዚያ ላይ ጣት ላይ የሚቀቡት ቀለም በአንድ ሳምንት አይለቅም።

አቦ ረጋ በል

በእናቱ ሳሙና ይለቃል።

እትዬ መጋላ

ልጄ፣ እኔ ብዙ አላውቅም፣ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ባለፈው እሁድ የጎረቤቴ ልጅ መታወቂያዋ ጠፍቶባት መስክሬላታለሁ። የኔን መታወቂያ አዩ፣ የት እንደምትኖር ጠየቁኝ፣ አስፈረሙኝ። መዘገቧት። ሐረር ከሄድክ ብቻህን አትሂድ። እናትህንና ያሳደገችህን ጎረቤት ይዘህ ሂድ። እናትህ ፊትህን ታውቀዋለች፣ ሳሙና አያጠፋውም። ማስክህን እንዳትረሳ። ሁለቱም ጾም ገብቷል፣ ሰዉ ደክሞታል፤ በማለዳ ሂድና በትሕትና አነጋግራቸው። ጸሐይ ከወጣ በኋላ ሁሉም ይቆጣል።

የሸንኮር ልጅ

እትዬ እድሜ ይስጥሽ። ይሄ ልቤ ገባ። እናቴ ግን «ነግሬህ ነበር ኪስህን ፈትሽ» እያለች እዚያ ድረስ ልትሄድ ነው።

አሚር ኑር

እግረ መንገዴን ልጠይቅ። እኔ ሐረሪ ነኝ፣ ግን የተወለድኩትም የምኖረውም ድሬ ነው። ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ እዚሁ ሆኜ መምረጥ እችላለሁ?

የድሮ አስፈጻሚ

የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው። 14ቱ ሐረሪዎች ብቻ የሚመርጡት የብሔራዊ ጉባኤው ናቸው። ድሮ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይመርጡለት ነበር። ዘንድሮ ግን በምርጫ ቦርዱና በክልሉ መካከል ክርክር ላይ ነው። አንተ ለማንኛውም ለድሬው ተመዝገብ፣ እሱ ማንም አይከለክልህም።

ባጃጅ ነጂው

መንጃ ፈቃድም ይሆናል ሰምቻለሁ።

ሳቢያን ቤቴ

ያ ረብ!

ኮኔል ማዶ

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምመርጠው። ካርዱን ወስጃለሁ። የዕለቱ ዕለት ምንድነው የሚደረገው? ሰው መጠየቅ አፍሬ ነው።

የድሮ አስፈጻሚ

ምን ያሳፍራል። ካርድህንና መታወቂያህን ይዘህ የተመዘገብክበት ጣቢያ ትሄዳለህ፤ ሌላ ጣቢያ አያስተናግድህም። ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ነው። 12 ሰዓት ሲሞላ ሰልፍ ላይ ከሆንክ አይመልሱህም። ስምህን መዝገብ ላይ ይፈልጉታል፣ ትፈርማለህ፣ ጣትህን ይቀቡሃል። ድሬ ላይ ሁለት ወረቀት ነው የምትቀበለው። አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለአስተዳደሩ ምክር ቤት። መጋረጃው ውስጥ ብቻህን ትገባለህ። ከምትፈልገው ምልክት ጎን ባለው ሳጥን ውስጥ የኤክስ ምልክት ታደርጋለህ ወይም በጣትህ ታትማለህ። ስምህን እንዳትጽፍበት። በ2007 አንድ ሽማግሌ «ማን እንደመረጣቸው እንዲያውቁ» ብለው ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት ጽፈው ነበር። አስተያየት የሚጽፍም አጋጥሞኛል። ወረቀቱ ተበላሸ ማለት ነው። አጥፈህ ኮሮጆ ውስጥ ትከታለህ፣ በቃ።

አቦ ረጋ በል

ካርዱን ደግሞ ሱሪ ኪስ ውስጥ አታድርግ።

ሳቢያን ቤቴ (ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 16)

ሰማችሁ? ምዝገባው እስከ ሚያዝያ 29 ተራዘመ! የሸንኮር ልጅ የት ነህ? ሚያዝያ 20 ካለፈ በኋላ እዚሁ ድሬ ስድስት ወርህን ትሞላለህ። አከራይህን ይዘህ ሂድ፣ እሱ የገባህበትን ቀን ያውቃል። ሐረር ካልሄድክ አትሂድ።

ገንደ ቆሬ

ሐሙስ ሄዶ ተመዝግቦ ከሆነ ግን አለቀለት፣ ድሬ እንዳይደግም። ንገረን እንጂ ልጅ።

ሕግ ይከበር

መራዘሙ ሰነፎችን ያበረታታል። ሌላ አልልም።

እትዬ መጋላ

ልጄ እናትህ ምን አለች?

ኮኔል ማዶ (ሰኔ 10)

የሸንኮር ልጅ አልተመለሰም እንዴ? እኔ ካርዴን ይዤ እየጠበቅኩ ነው። ቀኑ ሰኔ 14 ሆኗል፣ ሰኔ 5 የተባለው ቀርቷል። ለአዲስ ገቢ አንባቢ ይጠቅም ብዬ ነው።

የደንገጎ ሾፌር (መስከረም 6፣ 2014)

ሐረር ተላልፎ መስከረም 20 ነው የሚመረጠው። ልጁ የኔን ምክር ሰምቶ እዚያ ተመዝግቦ ከነበረ ድሬ ሁሉ መርጦ ሲጨርስ እሱ ገና ወረፋ ላይ ነው። ይቅር ይበለኝ።

አቦ ረጋ በል

መልስ ያልሰጠው ስልኩንም አጥባበት ይሆናል።