ቃኚ ሄሊኮፕተር ላይ ሰው ይቀመጥ ወይስ ድሮን ይበቃል?

አስተባባሪ፦ የዚህ ሳምንት ክርክር ይኸው። የአሜሪካ ጦር «ፋራ» የተባለውን አዲስ ቃኚ ሄሊኮፕተር ሊሠራ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካፈሰሰ በኋላ በፌብሩዋሪ 2024 ተወው። ምክንያቱ፣ ዩክሬን ላይ እንደታየው ቅኝት ወደ ድሮንና ሳተላይት ዞሯል የሚል ነው። ልክ ነው ወይስ ስህተት? እንደተለመደው የቤታችንን ጉዳይ እዚህ ያነሳ ይሰረዝበታል።

የቡሬው፦ ዘገዩ እንጂ ልክ ናቸው። በትከሻ የሚተኮስ ሚሳኤል በሞላበት ዘመን ሁለት ሰው ጭነህ ጠላት አፍንጫ ሥር መላክ ምን የሚሉት ነው? ድሮን ቢወድቅ ለቅሶ የሚቀመጥለት የለም። ጃፓንም በ2022 መጨረሻ ቃኚና ተዋጊ ሄሊኮፕተሮቿን በድሮን ልትተካ ወስናለች።

የሞጣዋ፦ እሽ፣ ግን ድሮን ባልበዛበት ጊዜስ የቃኚ ሄሊኮፕተር ሥራ ለምን ይከሽፍ ነበር? ከፋራ በፊት የአሜሪካ ጦር የሞከረውን ቃኚ ሄሊኮፕተር ኮማንቼን እይ። በ1980ዎቹ ሲታሰብ ቀላል፣ ርካሽ፣ 5,000 ያህል የሚገዛ ነበር። ከዚያ ራዳር አይየው ተባለ፤ ሚሳኤሉ በር ተሠርቶለት ሆዱ ውስጥ ገባ፣ መድፉ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሆነ፣ የሞተሩ ትኩስ ጭስ በጅራቱ በኩል እየቀዘቀዘ ይውጣ ተባለ። በተጨመረ ቁጥር ክብደት መጣ። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የሚገዛው ቁጥር ወደ 1,213፣ ኋላም ወደ 650 ወረደ። የምርምሩ ወጪ ለጥቂቶች ሲካፈል የአንዱ ዋጋ ይሰቀላል፤ ዋጋው ሲሰቀል ደግሞ ቁጥሩ እንደገና ይቀነሳል። 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶ በ2004 ሲሰረዝ የበረሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

የቡሬው፦ ይሄማ እኔን ነው የሚያግዘኝ!

የሞጣዋ፦ ቆይ አልጨረስኩም። የጦሩን የቀድሞ ቃኚ ሄሊኮፕተር ካዮዋን ደግሞ እይ። ከሲቪል ሄሊኮፕተር የተወለደ ባለ አንድ ሞተር ነው። ካሜራውና ሌዘሩ ከሮተሩ (አናቱ ላይ ከሚሽከረከረው ክንፍ) በላይ ባለች ኳስ ውስጥ ስለሆኑ፣ ከኮረብታ ጀርባ ተደብቆ ኳሷን ብቻ ብቅ ያደርጋል። ስውር ቀለም የለው፣ ምን የለው። አፍጋኒስታን ላይ በሩን አውልቀው ይበሩበት ነበር፤ ረዳቱ በጎን ጠመንጃ እስከመተኮስ ይደርስ ነበር። ሰው በዓይኑ ሲያይ ገበያው ዛሬ ለምን ጭር እንዳለ ይጠረጥራል።

መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)፦ ልጆች፣ አየሩን ረሳችሁት። የአሜሪካ ጦር ለአዲሱ የሄሊኮፕተር ሞተር ያወጣው መለኪያ 6,000 ጫማ ከፍታ በ35 ዲግሪ ሙቀት ነው። አስሉት፤ ደብረ ማርቆስ ላይ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን የምንተነፍሰው አየር በቅጥነቱ ከዚያ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ሳስቷል። የሳሳ አየር ሄሊኮፕተሩን ሁለት ጊዜ ይቀጣዋል፦ ሮተሩ የሚገፋው ያጣል፣ ሞተሩም የሚያቃጥለው ያንሰዋል። ጮቄ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ያለበትንማ ተዉት።

አሁን ፋራን ተመልከቱ። በሕንፃዎች መካከል እንዲያልፍ ሮተሩ ከ40 ጫማ፣ ማለትም ከ12 ሜትር ገደማ አይብለጥ ተባለ። በዚያው ላይ በሰዓት ከ330 ኪሎ ሜትር በላይ ይብረር፣ መሣሪያም ይሸከም። ሮተር ሲያንስ በአየር ላይ ቆሞ ለማየት ብዙ ጉልበት ይበላል። ጉልበቱን ሊሰጥ የታሰበው ያ አዲሱ ባለ 3,000 ፈረስ ጉልበት ሞተር ደግሞ ዘገየ። እኔ እንደሚመስለኝ ድሮኑ የመጣው የታመመ ነገር ላይ ነው።

የዳንግላው፦ ጋሼ፣ ቅጥነቱ ድሮንንስ አይጎዳም?

መምህሩ፦ ይጎዳል፤ ግን ባለ ክንፉ እየሄደ ስለሚያይ እንደ ሄሊኮፕተር ቆሞ ለመንሳፈፍ ጉልበት አያባክንም። ባለ አራት ሮተሩ ትንሹ ድሮን ግን ባትሪው ቶሎ ያልቅበታል።

የቡሬው፦ አያችሁ!

የሞጣዋ፦ አንተ ደግሞ አትቸኩል። ፋራ በተጣለበት በዚያው ማስታወቂያ «ሻዶው» እና «ሬቨን» የተባሉ የጦሩ ድሮኖችም ይወገዱ ተብሏል። ሰው የሌለበት ሁሉ አሸነፈ ማለት አይደለም። ድሮኑ የሚታዘዝበት የሬዲዮ ሞገድ ሲታፈንስ? አብራሪ ሬዲዮው ቢጠፋ እንኳ ያየውን ይዞ ይመለሳል።

የቡሬው፦ እሱንማ ፈቱት። ቀጭን የፋይበር ገመድ እየተረተረ የሚሄድ ድሮን ዩክሬን ላይ አለ፤ ሞገድ አያውቅ፣ አይታፈን።

መምህሩ፦ የገመዱም ክብደት አለ፣ ጥቅሉን ተሸክሞ ነው የሚነሳው። ርቀት በጨመርክ ቁጥር ካሜራው ላይ ትቀንሳለህ። ይኸው ያው የኮማንቼ ሒሳብ።

የዳንግላው፦ እኔ ካዮዋን በአዲስ ሞተር ብቻ አድሰው ቢይዙት እላለሁ።

የሞጣዋ፦ ቀረብ ያለ ነገር ሞክረዋል። በሲቪሉ ቤል 407 ላይ የተመሠረተው አራፓሆ የአንዱ ዋጋ ከ8.56 ወደ 14.48 ሚሊዮን ዶላር ሲዘል በ2008 ሰረዙት።

የዳንግላው፦ በሲቪል ሄሊኮፕተር ላይ? ምን ቢጭኑበት ነው!