ህንድ ለሚማር ወንድሜ ከጅማ የትምህርት ክፍያ ልልክ ነው፣ በየት በኩል ይቀንሳል?

የሄርማታዋ፦
ሰላም ናችሁ የጅማ ልጆች፣ ጨንቆኝ ነው። ታናሽ ወንድሜ ህንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፣ ለቀጣዩ ሴሚስተር 1,500 ዶላር ክፈል ተብሏል። አባታችን የቡናውን ብር አስቀምጦለታል፣ ችግሩ አላላኩ ነው። ባለፈው ባንክ ሄጄ ኮሚሽን ቆረጡ፣ የስዊፍት (ባንኮች ወደ ውጭ የሚላላኩበት) ብለው ቆረጡ፣ እሺ ብዬ ከፈልኩ፣ ት/ቤቱ ጋ ሲደርስ ግን 1,472 ሆኖ ገባ። ለ28 ዶላር ብለው የፈተና መግቢያውን፣ ሆል ቲኬቱን ያዙበት፣ ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ከጓደኞቹ ተበድሮ ነው የሞላው፣ ያን ቀን በስልክ ድምፁን ስሰማ አለቀስኩ። አሁን መርካቶ አንድ ሰውዬ «ብሩን ለኔ ስጪኝ ማታውኑ ህንድ ይደርስልሻል፣ ኮሚሽን የለውም» አለኝ። ሳውዲ ያለች እህትም አለችን፣ ሲመቻት ትልካለች። የቱ ነው የሚያዋጣኝ? የላካችሁ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።

አዌቱ ማዶ፦
አይዞሽ እህቴ። 28ቱን ዶላር የበላው መሀል ላይ ያለ ባንክ ነው፣ ኮረስፖንዳንት ይሉታል። ዶላሩ ከኛ ባንክ ቀጥታ ህንድ አይገባም፣ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው እና የራሱን ይቆርጣል። የምትሞይው ፎርም ላይ ወጪውን ማን ይችላል የሚል ቦታ አለ፣ ሦስት ምርጫ ነው፣ «አወር» (OUR) ካልሽ ሁሉንም አንቺ እዚህ ትከፍያለሽ፣ «ሻ» (SHA) ካልሽ ከተቀባዩ ጋር ትካፈላላችሁ፣ «ቤን» (BEN) ካልሽ ሁሉም ከሚደርሰው ላይ ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ ዝም ካልሻቸው ሻ ያደርጉታል። አወር አድርጉልኝ በይ፣ እዚህ ትንሽ ይጨምርብሻል ግን ልጁ ሆል ቲኬት አይያዝበትም። አወር ብለሽም የተቀባዩ ባንክ ትንሽ ሊነካው ስለሚችል ት/ቤቱ በደብዳቤው ላይ የባንክ ወጪን ጨምሮ ስንት እንደሚፈልግ ቢጽፍልሽ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ባንኩ ከደብዳቤው በላይ ሳንቲም አይልክልሽም።

የሁለት ልጆች አባት፦
ልጄ፣ እኔ ሁለት ልጅ ውጭ አስተምሬአለሁ፣ ሰው ኮሚሽኑን ብቻ ያያል፣ ትልቁ ገንዘብ ግን ያለው ምንዛሬው ላይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ስለለቀቀው ባንኮች የሚሸጡበት ዋጋ አንድ አይደለም። በአንድ ዶላር 2 ብር ቢለያዩ ለ1,500 ዶላር 3,000 ብር ነው፣ ኮሚሽን አነስተኛ ነው ብለሽ ምንዛሬው የተወደደ ጋ ብትሄጂ ተጎዳሽ። አንድ ጠዋት ተነሺና ሦስት አራት ባንክ ዙሪ፣ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቂ፦ «1,500 ዶላር ት/ቤቱ ጋ ሙሉውን እንዲገባ ሁሉም ነገር ተደምሮ ከአካውንቴ ስንት ብር ይወጣል?» መልሱን በወረቀት አስጽፊ። መግዣ ከመሸጫ እንዳታምታቺ፣ አንቺ የምትገዢው በመሸጫው ነው። ሌላው ደግሞ አትዘግዪ፣ ቅርንጫፉ ወረቀቱን አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ልኮ ነው የሚያስፈቅደው፣ የኔ ልጅ ጊዜ አልፎበት ቅጣት ከፍሏል።

ኮቺ፦
ወረቀት ላይ ልጨምር፦ ቦናፋይድ የሚባለውን የተማሪነት ማረጋገጫ፣ የክፍያ ዝርዝሩን፣ የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ ወንድምሽ ይላክልሽ። የት/ቤቱ አካውንት፣ ስዊፍት ኮድና አይኤፍኤስሲ (IFSC) የሚባለው የህንድ ባንክ ቅርንጫፍ መለያ ኮድ ደብዳቤው ላይ በግልጽ ይኑር። ስሙን ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዪ። የኛ ቦናፋይድ ላይ የአያት ስም ቀርቶ እንደገና እስኪጻፍ ሦስት ሳምንት ጠብቀናል።

ጅሬን፦
ስለ መርካቶው ሰውዬ ኧረ ተይው እህቴ! የአጎቴ ልጅ እንዲህ ዓይነት ሰው ጋ ሰጠና ብሩ በሰዓቱ ደረሰ፣ ደስ አለን። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ እዛ ኤቲኤም ሲሄድ አካውንቱ ታግዷል። ያስገባለት የማያውቀው ሰው ነበር፣ ገንዘቡ ከሌላ ሰው የተጭበረበረ ሆኖ ፖሊስ አሳገደው፣ የቤት ኪራይ እንኳ መክፈል አቃተው። እኛ እዚህ ደረሰኝ የለን፣ ማንን እንክሰስ? ከባንክ ውጭ መላክ ሕገወጥ ስለሆነ ሄደሽ እንኳ አታመለክቺም።

ከአጋሮ፦
እህትሽ በቴሌብር ትላክልሽና ከአባትሽ ብር ጋር ደምረሽ ላኪው፣ ቀላል ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
አይ ወንድሜ፣ እሱማ ሁለቴ መመንዘር ነው! ሪያሉ ብር ሲሆን በመግዣ ይቆረጣል፣ ብሩ መልሶ ዶላር ሲሆን በመሸጫ ይቆረጣል። እህትየው ያላት ገንዘብ ቀጥታ ከሳውዲ ህንድ ለወንድሟ ይሂድ፣ በዛ መስመር የሚልክ ሰው ብዙ ስለሆነ ክፍያው አይከብድም። የግድ በዚህ ይምጣ ካላችሁም የውጭ ምንዛሪ አካውንት ክፈቱ፣ ከ2016ቱ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የተላከ ገንዘብ በዶላርነቱ ተቀምጦ ለውጭ ትምህርት መክፈያ ይሆናል።

የሄርማታዋ፦
አባባ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ዛሬ ሦስት ባንክ ዞርኩ፣ በጣም የረከሰውና በጣም የተወደደው መሀል 4,300 ብር ልዩነት አለ፣ ዓይኔን ነው ያላመንኩት! ኮሚሽኑ ዝቅ ያለው ጋ ነው ደግሞ ድምሩ የበዛው። የትምህርቱን በአባታችን ብር በባንክ በአወር እልካለሁ፣ የኪሱን እህቴ ከዛው ለራሱ ትልክለታለች፣ ትናንት ማታ ተነጋገርን። ወንድሜ አዲሱን ደብዳቤ ከባንክ ወጪው ጋር እያስጻፈ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ከላኩ በኋላ ምን ልያዝ?

አዌቱ ማዶ፦
የስዊፍቱን ኮፒ፣ ማለትም ገንዘቡ መላኩን የሚያሳየውን፣ ቀድሞ ኤምቲ 103 (MT103) ይባል የነበረውን ወረቀት ስጡኝ በያቸው። እሱ ላይ ስንት እንደተላከና አወር መሆኑ ይታያል፣ ፎቶ አንስተሽ ለወንድምሽ ላኪለት፣ እሱ ለት/ቤቱ ሂሳብ ክፍል ያሳይ። ገንዘቡ ቢዘገይ ወይ ቢጎድል ባንኩ የሚከታተልልሽ በዛች ወረቀት ነው።